እንሰት የሚፋቅበት ቀን

በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ስለሚገኘው የሴቶች የወንፈል ሥራ ለሙያ ባልደረቦች የቀረበ ንግግር



መሐንዲሶች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ጥርጊያ መንገድ መናገር የተለመደ ነው። የዚህ ንግግር ርእስ ግን ዘንበል ብሎ የቆመ ሳንቃ፣ አንድ ስንጥቅ ቀርከሃና በዙሪያቸው ተቀምጠው እየሠሩ የሚጫወቱ ሴቶች ናቸው። ስፍራውም ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ አንጋጫ፣ ሺንሺቾ፣ ዶዮገና፣ ሾኔና የመሳሰሉት የሐዲያና የከምባታ ከተሞች ከነጓሯቸው ሲሆን፣ ጉዳዩ ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ የሚውለው የእንሰት መፋቂያ ቀን ነው። ነገሩ በመጀመሪያ ሲሰማ ከምሕንድስና ሙያ የራቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህን ቀን ለማቅለል በሚል ቅን ሐሳብ ባለፉት ዐሠርት ዓመታት ብዙ የመሣሪያ ንድፍ ተነድፏል፤ ብዙ ብረትም ተበይዷል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ወደ ጓሮው ዘልቆ የሥራው አካል ለመሆን የበቃው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ከመሣሪያው አስቀድሞ ቀኑን ራሱን መመልከት ያስፈልጋል።

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ሲሆን፣ ዛሬ በዚህ ስም የሚጠራው በከተማይቱ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት መቀመጫው እርሷ ሆናለች። በዋናው ጎዳና ፎቅ በፎቅ ላይ ሲደረብ፣ ባጃጅ ከባጃጅ ሲጋፋ የሚያይ እንግዳ ከማንኛውም በማደግ ላይ ካለ ከተማ የተለየ ነገር አያገኝባትም ይሆናል። ነገር ግን ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ሲል፣ ከቤቶቹ በስተጀርባ ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠሎች ከአጥር በላይ ብቅ ብለው ይታያሉ። ከአምበሪቾ ተራራ ዙሪያ ባሉት የከምባታ ከተሞች ደግሞ ከተማው የሚያበቃበትንና የእንሰቱ ማሳ የሚጀምርበትን መስመር ለይቶ ለማመልከት ቀያሽም ይቸገራል።

እንሰት በአካባቢው ቋንቋዎች ዌሳ ይባላል፤ ከእርሱ የሚገኘው ምግብ፣ በአማርኛ ቆጮ የምንለው፣ ዋሳ ነው። መልኩ ሙዝ ይመስላል፤ የሚበላው ግን ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው። ለመድረስ እንደ አየሩ ጠባይ ከ4 እስከ 7 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ከደረሰ በኋላም እንደ እህል በአንድ ወር ካልታጨደ የሚረግፍ አይደለም፤ ቤተሰቡ እስኪፈልገው ድረስ በቆመበት ይጠብቃል። ጎተራው ራሱ ተክሉ ነው ማለት ይቻላል። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በዚህ ተክል እንደሚኖር ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ የሳይንስ ዕድገት ማኅበር ስለ እንሰት ያሳተመው ጥናት «ረሃብን የሚከላከል ዛፍ» የሚል ርእስ የተሰጠው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ይህ ዛፍ ግን ራሱን አይፍቅም። በሆሳዕና ጓሮም ሆነ በዱራሜ፣ የተክሉን ግንድ ወደ ምግብነት የሚለውጠው የሴቶች እጅ ነው፤ ያም እጅ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይሠራም።

ቀኑ የሚጀምረው ማለዳ ነው። ተራው የደረሳት ባለቤት የሚቆረጡትን እንሰቶች አስቀድማ መርጣለች። ጎረቤቶቿ ሳንቃቸውንና መፋቂያቸውን ይዘው ይመጣሉ። ተክሉ ከተነቀለ በኋላ ቅጠሉ ተገፎ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ ይኸው ኮባ ለመቀመጫም፣ ለምርቱ ማረፊያም፣ ኋላም ለጉድጓዱ ልባስ ያገለግላል። ከዚያም ግንዱን የሚሠሩት እርስ በርስ የተደራረቡ ልባጦች አንድ በአንድ ተላቅቀው በልክ በልካቸው ይቆረጣሉ። እያንዳንዷ ሴት ሳንቃዋን ከቆመ እንሰት ወይም ከእንጨት ላይ ዘንበል አድርጋ ታስደግፍና ከፊት ለፊቱ በኮባው ላይ ትቀመጣለች። አንድ እግሯን ወደ ላይ አንሥታ ልባጡን በተረከዟ ከሳንቃው ጋር ትይዘዋለች፤ በሁለት እጆቿም ስንጥቁን ቀርከሃ ይዛ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ነጩ ሥጋ ይወርዳል፤ ቃጫው በሳንቃው ላይ ይቀራል።

ወርክሾፕ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ጥቂት ቢቆም ተገቢ ነው። የሴቲቱ ተረከዝ ሞርሳ ነው፤ ሳንቃው የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ቀርከሃው ስለት ነው። ስለቱ የሚያርፍበትን ማዕዘንና የሚጫንበትን ኃይል የሚቆጣጠረው ደግሞ የክንዷ ስሜት ነው። ከሚገባው በላይ ብትጫን ቃጫው ይበጠስና ከምግቡ ይቀላቀላል፤ ብታላላው ደግሞ ምግቡ ከቃጫው ላይ ተጣብቆ ይባክናል። የውጪው ልባጥ ጠንካራና ቃጫው የበዛ፣ የውስጡ ለስላሳና ውሃ ያዘለ ስለሆነ የእጇን ኃይል በየልባጡ ትለውጣለች። ይህን የሚያስተካክል መሣሪያ በብረት ለመሥራት የሞከረ ሁሉ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ያውቀዋል።

በሌላ ወገን ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ሴቶች ከመሬት የወጣውን ወፍራም ሥር ጥርስ ባለው መሣሪያ ይፈቀፍቃሉ። ከተፋቀውና ከተፈቀፈቀው የሚወጣው ውሃ ተጠራቅሞ ሲረጋ ከሥሩ የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው፤ ለአራስና ለእንግዳ ክብር የሚቀርበው፣ በገበያም ከቆጮ የላቀ ዋጋ የሚያወጣው እርሱ ነው። ልጃገረዶች ኮባ ያቀብላሉ፤ ቃጫውን አራግፈው ያሰጣሉ፤ በእረፍት ጊዜ ደግሞ ከእናታቸው ሳንቃ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ይሞክራሉ። በመጨረሻም ሁሉም በኮባ በተለበሰው ጉድጓድ ይከተታል፤ በኮባ ይሸፈናል፤ ድንጋይ ይጫንበታል። እንደ አየሩ ቅዝቃዜ በሳምንታት ወይም በወራት ብሎ ከቆየ በኋላ ይበላል።

ለምን በኅብረት ይሠራል? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ባህል ነው» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ለመሐንዲስ አይበቃም። እንሰት አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው። አንድ የደረሰ ተክል ቁመቱ ከበርካታ ሜትር የሚበልጥ፣ አንድ ሰው ከነግንዱ ተሸክሞ የማይንቀሳቀስበት ነገር ነው። ስለዚህ ጥሬ ዕቃው ወደ ሠራተኛው አይሄድም፤ ሠራተኛው ወደ ጥሬ ዕቃው ይመጣል። ከዚህም ሌላ አንድ ጊዜ ተቆርጦ የተፋቀ እንሰት ለአየር ተጋልጦ ሊከርም አይችልም፤ ሥራው በተጀመረበት ጊዜ መጠናቀቅና ጉድጓዱ መዘጋት አለበት። ጉድጓዱም በቂ ክምችት ካልያዘ አየር የሚነካው ገጽ ከይዘቱ ጋር ሲነጻጸር ይበዛና ብልሽቱ ይጨምራል፤ በመሆኑም ብዙ ተክሎች በአንድ ጊዜ ቢፋቁ ይመረጣል። ይህን ሁሉ አንዲት ሴት ብቻዋን ልትወጣው አትችልም። የማይንቀሳቀስ ጥሬ ዕቃ፣ የማይዘገይ ሥራና ብዛት የሚፈልግ ጉድጓድ አንድ ላይ ሲመጡ ተራ ገብቶ መረዳዳት የግድ ይሆናል። ወንፈል ይህ ነው። ደቦ ጠሪው አብልቶ አጠጥቶ የሚያሠራበት የአንድ ጊዜ ጥሪ ሲሆን፣ በወንፈል ግን የተበደሩት ጉልበት በጉልበት ይመለሳል።

ሆኖም ሥራው በኅብረት እንዲሠራ ያስገደደው ክብደትና ጊዜ ቢሆንም፣ ሴቶቹ ቀኑን የሚናፍቁት በእነዚህ ምክንያቶች አይደለም። ጨዋታው ነው። እጅ ሲሠራ አፍ ሥራ ፈት ነው፤ ስለዚህም ይናገራል። የገበያው ዋጋ፣ የታመመች ጎረቤት፣ የተጫጩ ልጆች፣ ከሩቅ አገር የተደወለ ስልክ፣ የአማት ጠባይ፣ የቀበሌ ወሬ፣ ሁሉም ከሳንቃ ወደ ሳንቃ ይተላለፋል። አንዷ ትጀምራለች፤ ሌላዋ ታርማለች፤ ሦስተኛዋ ወደ ቀልድ ትለውጠውና ሁሉም ይስቃሉ። ዜማ ሲነሣ ደግሞ የፍቂያው እንቅስቃሴ ከዜማው ምት ጋር ይገጥማል፤ የደከመችዋም ሳታውቀው ከሌሎቹ ጋር ትራመዳለች። በእኩለ ቀን የተቀቀለ አሚቾ፣ ጎመንና ቡና ይቀርባል። ያን ሰዓት ጀርባን ቀና አድርጎ መቀመጥ ራሱ ደስታ ነው።

በብዙ የእንሰት አገር ልማድ፣ በሐዲያና በከምባታም ጭምር፣ ወንድ ወደ መፋቂያው ስፍራ እንዲጠጋ አይፈቀድለትም። ክልከላው ለወንዱ ሊከብደው ይችላል፤ ለሴቶቹ ግን የወንድ ጆሮ የሌለበት ቀን ሰጥቷቸዋል። በቤት ውስጥ ድምፅ ተቀንሶ የሚነገረው እዚያ በሙሉ ድምፅ ይነገራል። አዲስ ያገባች ሙሽራ የሠፈሩን ሥርዓት የምትማረው፣ ማን እንደሚረዳትና ማን እንደሚያማት የምትለየው በዚያ ነው። ተኳርፈው የሰነበቱ ጎረቤቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲፍቁ ከዋሉ በኋላ ኩርፊያውን ይዞ ወደ ቤት መመለስ ይከብዳል። አራስ ወይም ሐዘንተኛ ያለች እንደሆነ ተራው ለእርሷ ሊዛወር ይችላል፤ ይህን የሚወስን ጽሑፍም ሆነ ማኅተም የለም።

ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ሌላም ነገር አለ። በሐዲያ ሴቶች ዘንድ ዊጆ የሚባል የቅቤ ዕቁብ ይገኛል፤ አባላቱ ቅቤ እያዋጡ በየተራ ለአንዷ ይሰጣሉ። የመስከረሙ በዓል፣ በሐዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ የሚባለው፣ ሲቃረብ ይህ ቅቤና በመፋቂያው ቀን የተገኘው ቡላ በአንድ ድስት ይገናኛሉ፤ አታካና የተባለው የሐዲያ የክብር ምግብ የሚሠራው በእነርሱ ነው። እንግዲህ በበዓሉ ገበታ ላይ የሚቀርበው ምግብ የአንዲት እመቤት ሙያ ተብሎ ቢመሰገንም፣ በውስጡ የብዙ ሴቶች ላም፣ የብዙ ሴቶች ክንድና የብዙ ቀናት ጨዋታ አለበት።

ሆኖም ድካሙን በጨዋታው ሸፍኖ ማወደስ አይገባም። ሥራው ከባድ ነው። አንድ እግርን ከፍ አድርጎ ለሰዓታት መቀመጥ ወገብን ያደክማል፤ ጭማቂው ልብስን ያበሰብሳል፤ ቀኑ ሲያልቅ ክንድ ይዝላል። ነፍሰ ጡርም ሆነች አሮጊት ከዚህ አታመልጥም። መሣሪያ አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ መፋቂያው ፊት ተቀምጦ የማያውቅ መሆን አለበት። ጥያቄው ድካሙን እንዴት እናስወግድ የሚል ብቻ ቢሆን መልሱ ቀላል ይሆን ነበር። አስቸጋሪው፣ ድካሙንና ደስታውን አንድ ላይ ጠቅልሎ የያዘ ቀን ሲገኝ አንዱን ነቅሎ ሌላውን ማስቀረት የሚቻልበትን መንገድ መፈለግ ነው።

በዚህ ረገድ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይጠቅማል። በሰሜን አሜሪካ ሴቶች ከቁርጥራጭ ጨርቅ ድርብ ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። በአገራችን ጨርቅ በጨርቅ ላይ ሲጣፍ ድሪቶ ይባላል፤ የድህነት ምልክት ተደርጎም ይታያል። በዚያ ግን ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኗል። ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ቁርጥራጮቹን እርስ በርስ ማጋጠም ሲሆን፣ ይህን አንዲት ሴት በቤቷ ልትሠራው ትችላለች። ሁለተኛው የላዩን፣ የመካከሉንና የታቹን ድርብ በትልቅ የእንጨት ክፈፍ ላይ ወጥሮ በስፌት ማያያዝ ነው። ክፈፉ ሰፊ ስለሆነ ሴቶች በአራቱም ጎን ተቀምጠው ይሰፋሉ፤ ይጫወታሉ፤ ይበላሉ። ይህ የስፌት ቀን ከቤት ወደ ቤት ይዞር ነበር። ሳንቃ በክፈፍ፣ ቀርከሃ በመርፌ ይተካ እንጂ ነገሩ ከሆሳዕናው ጓሮ ብዙም አይርቅም።

ኤልያስ ሃው የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1846፣ ሲንጀርም በ1851 የልብስ ስፌት መኪና የባለቤትነት መብት አስመዘገቡ። ሲንጀር ዛሬ በሆሳዕና በረንዳዎች ላይ በተቀመጡት ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ሳይቀር የመኪናው ስም ሆኖ ቀርቷል። መኪናው ወደ አሜሪካ ቤቶች ሲገባ ብዙዎች የተጠቀሙበት አሰልቺ ለሆነው፣ ለብቻ ለሚሠራው ማጋጠም ነበር። በክፈፉ ዙሪያ የሚደረገው ስፌት ግን በብዙ ቦታ በእጅ እንደ ነበረ ቆየ። መኪናው የብቸኝነቱን ሥራ አሳጠረ፤ የኅብረቱን ሥራ አልነካም። ማንም መሐንዲስ ይህን አስቦ አላቀደውም፤ ሴቶቹ ራሳቸው መርጠው መኪናውን በሚፈልጉት ቦታ አስቀመጡት። እ.ኤ.አ. በ1966 በአላባማ ክፍለ ሀገር ጥቁር ሴቶች «የነጻነት የስፌት ማኅበር» የሚል ትርጉም ያለው ኅብረት ሥራ አቋቁመው በዚሁ ሙያ ገቢ ማግኘት የቻሉት የስፌቱ ቀን አስቀድሞ ስላሰባሰባቸው ጭምር ነው።

ወደ እንሰቱ እንመለስ። በአገራችን በሶዶ የገጠር ቴክኖሎጂ ማዕከል፣ በኋላም በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች ተቋማት ልዩ ልዩ የመፋቂያ፣ የመፍጫና የመጭመቂያ መሣሪያዎች ተሞክረዋል። ጥረቱ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ስለ እንሰት መሣሪያ በአጠቃላይ ሲታሰብ ሦስት ነገሮች በቅጡ ሊጤኑ ይገባል።

አንደኛው ከፍ ሲል የተጠቀሰው ክልከላ ነው። የመሣሪያ ነዳፊዎች አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ልማዱ ደግሞ ወንድን ከስፍራው ያርቃል። ስለዚህ ነዳፊው የሚነድፈው ሠርቶ ለማያውቀው ብቻ ሳይሆን ቀርቦ ላላየው ሥራ ነው ማለት ነው። የሳንቃውን ርዝመት በሜትር ሊለካ ይችላል፤ ሳንቃዎቹ ለምን ፊት ለፊት እንደሚደረደሩ ግን ሜትሩ አይነግረውም። ዋቸሞን ከመሳሰሉት ዩኒቨርሲቲዎች የሚመረቁ ሴት መሐንዲሶች፣ በተለይም እናታቸው ጎን ተቀምጠው የፋቁት፣ በዚህ ጉዳይ ከማንም የበለጠ ዕውቀት አላቸው፤ ይህ ዕውቀት ግን በትምህርት ማስረጃቸው ላይ አይጻፍም።

ሁለተኛው መሣሪያው የሚቆምበት ቦታ ነው። በሞተር የሚዞር ከባድ መፋቂያ በአንድ ስፍራ ከተተከለ፣ ያ ሁሉ ውሃ ያዘለ ግንድ ወደ እርሱ መጓጓዝ አለበት፤ ድካሙ ከክንድ ወደ ጀርባ ተዛወረ እንጂ አልቀረም። ጀርባዋም የዚያችው ሴት ጀርባ ነው። ወንፈሉ የተዘዋወረው ተክሉ ስለማይዘዋወር ከሆነ፣ ሁለት ሴቶች ተሸክመው ከጓሮ ጓሮ ሊያደርሱት የማይችሉት መሣሪያ የወንፈሉ አባል ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። ሰው በአጠገቡ ለተቀመጠ ሰው የሚናገርበት ድምፅ 60 ዴሲቤል ገደማ ነው። አንድ ትንሽ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር በቅርብ ሲለካ 90 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል። የዴሲቤል መለኪያ እንዴት እንደሚያድግ ለዚህ ጉባኤ ማብራራት አያስፈልግም። ከእንዲህ ዓይነት ሞተር አጠገብ አንዲት ሴት ብቻዋን ልባጥ ስታጎርስ ትውላለች፤ ጎረቤቷን አትሰማም፤ ጎረቤቷም ለመምጣት ምክንያት አታገኝም። ሥራው በሩብ ጊዜ ያልቅ ይሆናል። የቀረው ጊዜ ግን ወደ ጨዋታ አይለወጥም፤ ወደ ሌላ የቤት ሥራ እንጂ። ይህን ያስተዋለች ሴት መሣሪያውን አልፈልግም ብትል ኋላ ቀር ልትባል አይገባም፤ ሒሳቧን ከነዳፊው በተሻለ ሠርታለች።

እነዚህ ነገሮች ሲጤኑ የትኛው ሥራ በቅድሚያ ለመሣሪያ መሰጠት እንዳለበት ይታያል። የቡላው መጭመቅ ኃይል የሚጠይቅ፣ ለአጭር ጊዜ የሚሠራና ጨዋታ የሌለበት ሥራ ነው፤ በእጅ የሚዞር ቀላል የጥርስ መጭመቂያ ለዚህ ይበቃል፤ ድምፅም የለውም። የሥሩ መፈቅፈቅ ሁለተኛው ነው። ፍቂያው ራሱ ግን፣ ቢያንስ ለጊዜው፣ ከሞተር ይልቅ የተሻለ መቀመጫ፣ ተረከዝን የሚተካ ማሰሪያና ሳይደንዝ የሚቆይ ስለት ቢያገኝ ይሻላል። ማሰሪያው እግሯን ነጻ ካወጣላት ቀጥ ብላ ተቀምጣ ልትፍቅ ትችላለች፤ ፊቷም እንደ ቀድሞው ወደ ጎረቤቶቿ ይሆናል። ይህ ንድፍ ለሽልማት የሚበቃ ላይመስል ይችላል። በአንጻሩ ግን ከሠፈር አናጢና ከብረት ቀጥቃጭ አቅም በላይ አይደለም።

በዚያው በከምባታ ምድር ስለ ሴቶች ኅብረትና ስለ ምሕንድስና አንድ ላይ የሚናገር፣ በአደባባይ የታወቀ ታሪክ አለ። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በእስራኤልና በአሜሪካ ተምረው ወደ ትውልድ አገራቸው ሲመለሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእኅታቸው ጋር «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ስሙ የከምባታ ሴቶች ጉልበታቸውን አስተባብረው በአንድነት መሥራታቸውን ያመለክታል፤ እንግዲህ ድርጅቱ ስሙን ከውጭ አላመጣም፤ ከዚያው ከሴቶቹ የሥራ ልማድ ወሰደው እንጂ። ዶክተር ቦጋለች ስለ ኤድስ በሽታ ለማስተማር በተነሡ ጊዜ ሕዝቡ ያቀረበላቸው ጥያቄ ስለ ድልድይ ነበር። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ወደ ገበያ የሚሻገሩበት አልነበራቸውም። ድልድዩ ተሠራ፤ ከዚያ በኋላ ለመናገር የሚያስችላቸውን አመኔታ አገኙ። በሴት ልጅ ግርዛት ላይ ያስገኙት ከፍተኛ ለውጥ የመጣውም ሰዎች ተቀምጠው በሚነጋገሩበት የማኅበረሰብ ውይይት አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዐርፈዋል። ለመሐንዲስ ከዚህ ታሪክ የሚታየው ድልድዩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሕዝቡ የሚፈልገውን ለመናገር የሚሰበሰብበት ጊዜና ስፍራ ባይኖረው ኖሮ ድልድዩም ባልተጠየቀ ነበር።

ያ ስፍራ ዛሬ ከሌላ አቅጣጫም እየጠበበ ነው። የከተማ ቦታ በካሬ ሜትር መሸጥ ከጀመረ ወዲህ በሆሳዕና ጓሮ ከእንሰት ይልቅ የሚከራይ ክፍል ይበቅላል። ካለፉት ሁለት ዐሠርት ዓመታት ወዲህ ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል፤ የሚልኩት ገንዘብ ፎቅ ሠርቷል፤ ቆጮውን በኮባ ተጠቅልሎ ከገበያ መግዛትንም አቅልሏል። ገንዘብ ያላት ሴት በቀን ክፍያ ታስፍቃለች፤ ጉልበት ብቻ ያላት ደግሞ በክፍያ ትፍቃለች። በሁለቱ መካከል የነበረው ብድር ሲቀር አብሮ መብላቱም ይላላል። በዚህ ላይ የሚያለቅስ ንግግር ማቅረብ ተገቢ አይሆንም፤ ምክንያቱም ፎቁን የሠሩትና ክፍያውን የሚቀበሉት ሰዎች የየራሳቸው በቂ ምክንያት አላቸው። ነገር ግን የአዳዲስ ሠፈሮችን ፕላን የሚያወጣ ባለሙያ ለመኪና ማቆሚያ ሲመድብ፣ ጥቂት ሳንቃ የሚተከልበት፣ ውሃ የሚያገኝ፣ ጭማቂው የሚፈስበት ቦይ ያለው የጋራ መስክ በአንድ ሠፈር አንድ እንኳ ቢመድብ ወጪው ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

በመጨረሻም የማይዘለል አንድ አደጋ አለ። የእንሰት አጠውልግ በሽታን እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንሳዊ መንገድ የገለጡት ኢትዮጵያዊው ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉት ተመራማሪ ናቸው። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው የሚሻገርበት ዋና መንገድ የመቁረጫ መሣሪያ ነው። የወንፈሉ ውበት የሆነው የመሣሪያ ከጓሮ ወደ ጓሮ መዘዋወር የበሽታውም መንገድ መሆኑ ነው። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ሴቶች በየቤታቸው ብቻቸውን ቢሠሩ ይሻላል ሲሉ ይደመጣሉ፤ ይህ ራስን ለማዳን እግርን እንደ መቁረጥ ያለ ምክር ነው። ቢላውንና መፋቂያውን በነበልባል ማሳለፍ ወይም በበረኪና ማጠብ ባክቴሪያውን ያጠፋዋል። የሚጎድለው ልማዱ ነው። ለዚህም ከሥራው መጨረሻ ላይ የቡናው ፍም ገና ሳይጠፋ አለ። ከቀርከሃ ይልቅ እሳት የሚችል የብረት ስለት ቢሠራ፣ ጉድጓዱ ተዘግቶ ድንጋዩ ሲጫን ሴቶቹ ስለቶቻቸውን በዚያው ፍም ላይ አገላብጠው፣ የሚቀጥለው ሳምንት ተራ የማን እንደ ሆነ እየተነጋገሩ ወደየቤታቸው ሊሄዱ ይችላሉ።